የእሳት አበባው ሐረግና የአሪየት ሰርግ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሰርግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ድንኳን ይፈልጋል፣ ቀጥሎ እኔን ይፈልጋል። ዘይነብ እባላለሁ። የሰርግ ዕቃ ማከራየት ሥራዬ ነው፤ የሙሽሮች ወንበር፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሙሽሮቹ ከሥሩ የሚቀመጡበት የአበባ ቅስት። ቅስቱን የምሠራው በለምለም ሐረግ ነው። የት እንደተማርኩት የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። "አቦቦ" እልና አልፋለሁ፤ ሙሉውን ልንገር ካልኩ ደንበኛዬ ቆሞ ይመሽበታል። እናንተ ግን ተቀምጣችሁ ነው የምታነቡት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሌላ ሰው ነበርኩ። የአጋሮ ልጅ ነኝ። ጋምቤላ የመጣሁት ታላቅ ወንድሜ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍቶ "ነይ አግዢኝ" ስላለኝ ነው። እሱ አግብቶ ጅማ ሲገባ ሱቁ ለእኔ ቀረ። ጨርቁን ቀስ በቀስ ወደ ሰርግ ዕቃ ለወጥኩት። ሥራው አልከፋም። ከተማዋን ግን የማያት እንደ መናኸሪያ ነበር፤ መኪና እስኪመጣ ቁጭ እንደሚሉባት ቦታ። በተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል እንኳ አልሰቀልኩም፤ ነገ ለምሄድ ምስማር መምታት ለምኔ እያልኩ። ሙቀቱን እያማረርኩ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ብቻዬን በልቼ እተኛለሁ። ደንበኞቼን የማስታውሳቸው በስማቸው ሳይሆን በወሰዱት ዕቃ ነበር፤ "ባለ ወርቃማው መጋረጃ"፣ "ባለ ነጩ ወንበር" እያልኩ። የማከራየው አበባ በሙሉ ከአዲስ አበባ በካርቶን የሚመጣ ፕላስቲክ ነበር።

አሪየት ወደ ሱቄ የመጣችው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። አኙዋ ናት፤ አቦቦ ላይ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ረጅም፣ ስትናገር የማትቸኩል ልጅ። እጮኛዋ ኦቻንም ፒኝውዶ አስተማሪ ስለሆነ ሰርጉን ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ወራት ለማድረግ ተስማምተዋል።

"በዚህ ዝናብ?" አልኳት።

"ዝናብ ምን ያደርጋል? እናቴ እኔን የወለደችኝም በዝናብ ነው" አለች።

ነጭና ሮዝ አበባ መረጠች። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ እንዲመጣ፣ እኔ ደግሞ ቀደም ብዬ በሚኒባስ ሄጄ ቦታውን እንዳዘጋጅ ተነጋግረን ተለያየን።

ዓርብ ማለዳ አቦቦ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከማንጎው ዛፍ ሥር ሴቶች በቆሎ ይፈለፍላሉ፤ ወንዶቹ የዳሱን እንጨት ይተክላሉ። የአሪየት እናት አኳታ እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ "ደህና መጣሽ ልጄ። ደክሞሻል፣ ተቀመጪ" አለችኝ። ወዲያው ግን ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የሚሰናዳ ነገር ስለነበር ከሴቶች ጋር ወጣች። ማማ አኳታ ይሏታል፤ እኔም እንደዚያው አልኳት።

ወንበር ላይ በቅጡ ሳልደላደል ስልኬ ጠራ። ሾፌሩ ነው።

"ዘይኑ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ረዳቱም ደህና ነው" ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው የሚጨርሰው በጥሩ አይደለም። "ወንዙ ሞልቷል። ልሻገር ስል መኪናው ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ።"

"ካርቶኖቹስ?"

"ሄዱ። ውሃው ይዟቸው ሄደ። መንገዱም ተቆርጧል፤ እስኪጎድል የሚያልፍ የለም።"

ሰው መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቀጥሎ ግን ለሙሽራዋ እንዴት ልንገራት የሚለው መጣ። አሪየት ጸጉሯን እየተሠራች ነበር። አጠገቧ ሚዜዋ ሲስተር ትዕግስት ተቀምጣለች፤ የዳንግላ ልጅ ናት፣ በአቦቦ ጤና ጣቢያ ነርስ። የሆነውን ነገርኳቸውና አንገቴን ደፋሁ።

አሪየት ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ "ሮዙም ነጩም?" አለችኝ።

"ሁሉም።"

"እንግዲህ ዓሣዎቹ ይዳሩበታ" አለችና ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ከግቢው ባሻገር ወዳለው ጫካ በአገጯ አመለከተች። "ክረምት እኮ ነው። ያ ሁሉ አበባ ተሰቅሎ እኛ የምናዝነው ለምንድን ነው? ሂዱና ሐረግ አምጡ።"

እውነቱን ለመናገር በልቤ ቀልድ መሰለኝ። ሐረግ ለእኔ እህል የሚያንቅ፣ አጥር የሚጥል ነገር ነበር። ግን ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? እኔ፣ ሲስተር ትዕግስት፣ የአሪየት ወንድም ኦባንግና ሁለት የአጎቷ ሴቶች ልጆች ገጀራ ይዘን ወጣን። ኦባንግ ከልጅነቱ ጀምሮ ጋምቤላ ከተማ አጎቱ ዘንድ ያደገ፣ አሁን እዚያው ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው። መንገድ ላይ "እኔም እንዳንቺ ነኝ፣ ጫካውን የማውቀው ከመኪና መስኮት ነው" አለኝ።

ከዝናብ በኋላ ያለ ጫካ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መሬቱ ይጨቀያል፣ አየሩ ግን እንደታጠበ ልብስ ነው። ሐረግ ያልወጣበት ዛፍ አልነበረም። ጠዋት ተከፍቶ ቀን ላይ የሚጨማደድ ወይን ጠጅ አበባ ያለው አለ፤ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ የሆነ አለ፤ ፍሬው ሲደርቅ ገላ የሚፈተግበት አለ። ልጃገረዶቹ የዚህኛውን ስም በአኙዋ ነገሩኝ፣ ደግሜ ስጠራው ሳቁብኝ። ሲስተር ትዕግስት ደግሞ ድንገት ቆመችና ቀጭን፣ ቀያይ ትናንሽ ፍሬ ያንጠለጠለ ሐረግ ይዛ እንደ ዘመድ ዳሰሰችው።

"ሐረግሬሳ" አለችኝ። "ምች ሲመታን እናታችን ይህን አፍልታ በጋቢ ሸፍና ታጥነን ነበር። እዚህ አገር አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።"

"ያድናል?"

"ያልበናል፣ ይቀለናል፣ እንተኛለን። ወባ ከሆነ ግን ሐረግሬሳ አይበቃውም፤ ያኔ እኔ ጋ መምጣት ነው።"

ኦባንግ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። "ኑ፣ ይህን እዩ" ብሎ ጠራን። ሄድን። ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥሞ የወጣ ሐረግ ነው፤ የቅጠሉ ጫፍ እንደ ጣት ታጥፎ ያገኘውን ይጨብጣል። አበባው ግን እስከዛሬ ያየሁትን ሁሉ አስረሳኝ። ቅጠሎቹ ወደ ላይ የተገለበጡ፣ ከሥራቸው ቢጫ፣ ከጫፋቸው ደማቅ ቀይ፣ ዳር ዳራቸው የተሸበሸበ። ነፋስ ሲነካው ልክ የሚነድ እሳት ይመስላል። ማናችንም ስሙን አላወቅነውም። ኦባንግ "ይህን ቆርጬ ብቻ አልሄድም፤ ከነሥሩ ነቅዬ አሪየት አዲሱ ቤቷ ደጃፍ ትተክለዋለች" አለና አፈሩን በገጀራው ቆፍሮ አወጣው። ሥሩ የጣት ውፍረት ያለው፣ እንደ ታጠፈ ክርን የጎበጠ፣ ድንች የመሰለ ነገር ነው።

ተመልሰን ቅስቱን በሸምበቆ አቆምነው። መጀመሪያ ባለ ልብ ቅጠሉን ጠመጠምኩበት፣ በላዩ ሐረግሬሳውን ከነቀይ ፍሬው አንጠለጠልኩ፣ ከአናቱ የእሳት አበባውን አሰርኩ። እጄ ራሱ የሚያውቀው መሰለኝ። ፕላስቲክ አበባ እንዴት ብትሰኩት ያው ነው፤ ሐረግ ግን ወደ ፈለገበት ይዞራል፣ እናንተ መከተል ብቻ ነው። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሞ አየ። አሪየት ወጥታ "አሁን ሙሽራ ሆንኩ" አለች። ወደዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ በሠራሁት ነገር ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ኦባንግ የእሳት አበባውን ሥር ከግንዱ ለይቶ፣ ለመትከያ ብሎ ከኩሽናው በር አጠገብ አስቀምጦት ነበር። እዚያው ጎን ደግሞ ለሰርጉ የመጣ ቦዬ ተከምሯል። ቦዬ ማለት እኛም በጅማ በኩል የምንወደው፣ በሐረግ የሚወጣ የመሬት ውስጥ ምግብ ነው። በግቢው ስጋ ሞልቷል፤ እኔ ግን ሙስሊም ስለሆንኩ የእነሱን እርድ አልበላም። የአሪየት አክስት ይህን ስለምታውቅ ለእኔ ብቻ በትንሽ ድስት ቦዬ ቀቀለች። ከክምሩ ስታነሳ ያ ሥር አብሮ ገባ።

"እንግዳ ይቅደም" ብላ ሳህኑን አቀረበችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ቦዬውን በላሁ፤ አጋሮን አስታወሰኝ። ከመካከሉ አንዱ ቀጠን ያለ ነበር፤ ስነክሰው መረረኝ። የዚህ አገር ቦዬ ዓይነቱ ይሆናል አልኩ። ለእኔ ብለው ለብቻ ያበሰሉትን መትፋት ነውር ሆነብኝና ዋጥኩት። ግማሹን ተውኩት።

ማማ አኳታ የተመለሰችው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቅስቱን ስታይ ፊቷ በፈገግታ በራ። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ከታች ወደ ላይ አየችው። ዓይኗ አናቱ ላይ ሲደርስ ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ይህን ማን አመጣ?" አለች።

"እኔ ነኝ እማ" አለ ኦባንግ።

"ሥሩ የት አለ?"

ኦባንግ ወደ ኩሽናው በር ሄደ። ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነው። "እዚህ ነበር ያስቀመጥኩት" አለ።

አክስትየው ድስቷን አየች። ድስቷ ባዶ ናት። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ሳህኑ አሁንም እግሬ ሥር ነበር። ማማ አኳታ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፣ ያስቀረሁትን ግማሽ አንስታ አሸተተችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው።

"በልተሻል ከዚህ?"

"ትንሽ።"

"ይመራል?"

"ትንሽ ይመር ነበር" አልኩ። ያን ጊዜ ነው ከንፈሬ ሲደነዝዝ፣ ጉሮሮዬ ሲለበልበኝ መቆየቱን ልብ ያልኩት። ድካም መስሎኝ ነበር።

ማማ አኳታ ለሲስተር ትዕግስት በአማርኛ "ይህ ሥር ሰው ይገድላል" አለቻት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ትዕግስትም አልተጯጯኸችም፤ የተረፈችዋን ሥርና አንድ አበባ በፌስታል ጠቅልላ በአንድ እጇ ያዘች፣ በሌላው እጇ እኔን አነሳች። የኦባንግ ጓደኛ ባጃጅ ግቢው በር ላይ ነበር።

ጤና ጣቢያው ደርሰን ውሃ ላይ የተበጠበጠ ጥቁር የመድኃኒት ከሰል አጠጣችኝ፣ ግሉኮስ ሰካችልኝ። የአበባውን ፎቶ አንስታ ጋምቤላ ሆስፒታል ለምታውቀው ሐኪም ልካ ደወለች። ስታዳምጥ ፊቷን አጠናሁ። ነርስ ፊቷን መደበቅ ትችላለች፤ ጓደኛ ግን አትችልም፣ እሷ ደግሞ በዚያ ቀን ሁለቱንም ሆና ነበር።

"ንገሪኝ" አልኳት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ከዚህ ሥር ለሪህ የሚሰጥ መድኃኒት ይወጣል። መጠኑ ካለፈ ግን መርዝ ነው። ማርከሻ የለውም። ውሃ እንሰጥሻለን፣ የልብ ምትሽንና ሽንትሽን እንከታተላለን። የበላሽው ትንሽ ነው፣ ግማሹንም ትተሽዋል። አምቡላንስ ዝግጁ ነው፤ ወንዙ እንደጎደለ ሆስፒታል እንሄዳለን።"

"ወንዙ መቼ ይጎድላል?"

"እሱን እኔም አላውቅም።"

ሌሊቱን አልተርክላችሁም። ሲያስመልሰኝ አደረ፣ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ፤ ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር ማማ አኳታ እዚያው ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣ ነበር። ልትቀመጥ ሳይሆን ሙሽራዋን ልታዘጋጅ የሚገባት ሴት ናት። ለእናቴ አጋሮ ልደውል አሰብኩ፤ መንገድ በተቆረጠበት አስደንግጫት ምን ልትሆንልኝ ብዬ ተውኩት። ብሞት ይህን አገር ሳላውቀው ልሞት ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ኖሬ ማንም "የእኛ ናት" የማይለኝ ሆኜ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማስመለሱ ቀነስ አለ፤ እጄን ለማንሳት ግን አቅም የለኝም። አሪየት መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የሰርጓ ቀን ነው፣ ጸጉሯ ተሠርቶ አልቋል፣ የለበሰችው ግን የቤት ቀሚስ ነው። ከመስኮቱ ውጭ በአኙዋ የሚነጋገሩ ድምፆች ሰማሁ። አንዱ የማማ አኳታ ነው፣ ሌላው ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ።

"ማን ነው?"

"የኦቻን አጎት፣ ኦጁሉ። ከፒኝውዶ ዘመዱን ሁሉ ይዞ መጥቷል።"

"ምን ይላል?"

አሪየት መተርጎም አልፈለገችም። ስለምናት ጊዜ ቀስ ብላ ጀመረች። "ሰው ከሩቅ በጭቃ መጥቷል ይላል። ስጋው ይበላሻል ይላል። … ለመሆኑ የታመመችው ልጅ ዘመድሽ ናት ወይ ይላል።"

"እናትሽስ?"

"እናቴ፣ 'ቤቴ ገብታ ከእጄ በልታ ነው የታመመችው፤ ከዚህ ወዲያ ዝምድና በምን ይቆጠራል?' አለችው።"

ተነስቼ ለመቀመጥ ሞከርኩ። "አሪየት፣ ሂጂና አግቢ። እኔ እኮ ዕቃ አከራይ ነኝ። ለእኔ ብሎ ሰርግ የሚያቆም የለም።"

"ለእናቴ ንገሪያት" አለችኝ።

ነገርኳት። ማማ አኳታ ገብታ ሰሌኗ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ሁሉንም አልኳት፤ እንግዶቹ፣ ምግቡ፣ የሽማግሌው ቅሬታ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

"ሰርግ እግር የለውም" አለች በመጨረሻ። "አይሄድም። ይጠብቃል።"

"ማማ፣ እኔ ባልድንስ?"

"አንቺ ስጋችንን አትበይም። አውቀን ለአንቺ ለብቻ ሠራን። ያ ምግብ ነው የጣለሽ። አንቺ እዚህ ተኝተሽ እኔ እዚያ ልዝፈን? አፌ እሺ አይልም።" ከዚያ ላብ ያረጠበውን ሻሼን አስተካከለችልኝ፤ ጸጉሬ እንዳይታይ፣ ልክ እናቴ እንደምታደርገው ወደ ፊት ሳብ አድርጋ። "ተኚ" አለችኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሕመሙ አልነበረም ያስለቀሰኝ።

ከሰዓት በኋላ ኦጁሉ ራሱ ወደ ክፍሉ ገባ። ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆመ። ተከትሎት በአቦቦ ገበያ ሱቅ ያላቸው፣ ፂማቸው የነጣ ሙስሊም ነጋዴ ገቡ። ሰላምታ ተለዋወጥን።

"አባት፣ ሰርጉን ስላስቆምኩብዎት ይቅርታ" አልኩት።

ኦጁሉ ጉሮሮውን ጠረገ። አማርኛው የተቆራረጠ ነው። "እኔ አሰብኩ። አንቺ ቶሎ ካልዳንሽ ስጋችን ይበላሻል። ለመዳን ሾርባ ያስፈልጋል። የእኛን እርድ አትበይም አሉኝ። ስለዚህ እሳቸውን ከገበያ ጠራሁ፣ ፍየሉን እሳቸው አረዱ።"

ነጋዴው ፈገግ አሉ። "ቢስሚላህ ብዬ ነው ያረድኩት፤ አትጠራጠሪ ልጄ። ሱቄን እንኳ አላዘጋኝም፣ እየጎተተ ነው ያመጣኝ።"

ሲስተር ትዕግስት ሾርባውን ቀመስ እንዳደርግ ፈቀደችልኝ። በማንኪያ ያጠጣችኝ አክስትየው ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ማንንም ቀና ብላ ማየት አቅቷት ነበር። እኔም ሦስተኛውን ማንኪያ ስውጥ "ይህ አይመርም" አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ቀስ ብላ ሳቀች። ኦጁሉ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

እሑድ ወንዙ ጎደለ። በአምቡላንስ ጋምቤላ ወሰዱኝ፣ ኦባንግ አብሮኝ ሄደ። ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ፣ ኩላሊቴም ልቤም ደህና መሆናቸውን ነገረኝ። "የበላሽው ትንሽ ሆኖ ነው፤ ሌላም ነገር አለ፣ ከሳምንታት በኋላ ጸጉርሽ ሊረግፍ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ተመልሶ ይበቅላል" አለኝ። አንድ ቀን ተኝተሽ እንይሽ ብሎ አሳደረኝ። በማግስቱ ስወጣ ኦባንግን "ሱቄ አድርሰኝ" አልኩት።

"ሱቅ? ሰዉ እየጠበቀሽ ነው" አለኝ።

አቦቦ ስንደርስ የድሮው ሐረግ ደርቆ ከቅስቱ ላይ ወርዷል። ሰዉ ጠዋት ጫካ ገብቶ አዲስ ቆርጦ መጥቷል። ማንጎው ሥር ወንበር አወጡልኝና ተቀምጬ በጣቴ እያመለከትኩ "ይኼን ወደ ግራ፣ ያን ዝቅ" እያልኩ አሠራኋቸው። የእሳት አበባው ግን የለም። ኦባንግ ሊያቃጥለው ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ከልክላው "እሱ በቦታው ነበር፣ እኛ ነን ያመጣነው" ብላ የቀረውን ሐረግ ልጅ ወደማይደርስበት ጫካ እንዲመልስ አድርጋዋለች።

አሪየት ስትገባ ማማ አኳታ እልል አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ያመቀችው ድምፅ ነበር፤ እስከ ገበያው የተሰማ ይመስለኛል። ከበሮው ተመታ፣ ኦጁሉ በዚያ ዕድሜው ከወጣቶቹ እኩል ዘለለ። አሪየትና ኦቻን ከሐረጉ ሥር ሲቀመጡ አንዲት ቀይ ፍሬ ተቆርጣ ሙሽራው ጭን ላይ ወደቀች፤ አንስቶ ኪሱ ከተታት።

ጸጉሬ በእርግጥም ረገፈ። ሻሽ ስለማደርግ ማንም አላወቀብኝም፤ እኔ ግን ማበጠሪያው ላይ እያየሁ ተጨንቄ ነበር። ቀስ በቀስ ተመልሶ በቀለ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ጥቅልል ብሎ።

ፕላስቲክ አበባ ዳግመኛ አላስመጣሁም። ባሮ ዳር ትንሽ ቦታ ይዤ ሐረግ መትከል ጀመርኩ። ማማ አኳታ ጫካውን እያዞረች አስተማረችኝ፤ የትኛው ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ቤት እንደሚያቀዘቅዝ፣ የትኛው ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ቀን እንደማይጠወልግ፣ የትኛው ልጆች ካሉበት ግቢ መድረስ እንደሌለበት። ሲስተር ትዕግስት ሐረግሬሳዋን በአንድ ጥግ ተክላለች፤ ጉንፋን ሲይዛት ትመጣና ትቆርጣለች። እኔ ቤት በረንዳ ላይ አሁን ባለ ልብ ቅጠሉ ሐረግ ጣሪያውን ሸፍኖታል። ከሰዓት በኋላ ሥሩ ስትቀመጡ፣ በዚያ በጋምቤላ ፀሐይ፣ እንቅልፍ ይወስዳችኋል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ "የባህል መድኃኒት ነው፣ ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል" ትሉ ይሆናል። ጎረቤታችሁ ያለው ሐረግ ያድናል፣ ያምራል፣ ይገድላልም፤ አንዱ ራሱ ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። ያላወቃችሁትን አፋችሁ ከማድረጋችሁ በፊት የሚያውቅ ጠይቁ፤ ከታመማችሁ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ ከእኔ የምትወስዱት ትንሹ ምክር ነው።

ትልቁን ምክር ልሰጣችሁ አልችልም፣ ምክንያቱም ራሴ አልፈለግሁትም፤ ታምሜ ነው ያገኘሁት። በማያውቁኝ ሰዎች መካከል ራሴን ለብቻዬ ያስቀመጥኩት እኔ እንደነበርኩ የገባኝ አንድ ሙሉ ሰርግ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነው። ባለፈው ማማ አኳታ ለዓይኗ ሕክምና ከተማ መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። እኔ ሐረግ እየጠመጠምኩ ሳለ አንድ አዲስ ደንበኛ በረንዳው ላይ አያትና "እናትሽ ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ቁመቷን፣ መልኳን፣ ሻሼን እያየ ግራ እንደተጋባ ገብቶኛል።

እኔ መልስ ሳልመርጥ እሷ ቀደመችኝ። "አዎ" አለችው፣ "ተቀመጥ። ስትጨርስ ታናግርሃለች።"